መድረክ ያልነበራቸው መምህር፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የእኩልነት ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ሀብታምና ስለ ድሃ ወሬ ሲነሣ በአገራችን ቶሎ ከአፍ የሚወጣ አንድ አባባል አለ፤ አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት በወረታ ከተማ ይህን አባባል ገበያ ላይም፣ ጠላ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም እሰማዋለሁ። አባባሉ ጥያቄን የሚዘጋ ነው። አንዱ ለምን መሬት አልባ ሆነ፣ ሌላው ለምን መጋዘን ሠራ ብሎ የጠየቀ ሰው ጣቶቹን ተመልክቶ እንዲያርፍ ይነገረዋል። የእኩልነት ማጣት የተፈጥሮ ሥራ ከሆነ ማንንም አይጠይቁበትማ!

እኛ ተማሪዎች ግን ይህንን ጥያቄ ለማንሣት ነው የተቀመጥነው። ስለ ማኅበራዊ እኩልነት፣ ስለ ዘርና ስለ መደብ በሚሰጡ ትምህርቶችና በአዳራሽ ገለጻዎች ላይ የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው። ማርክስ ይነሣል፤ ቬበር ይነሣል፤ ዱ ቦይስ ይነሣል። ከእነዚህ ትምህርቶች ብዙዎቹ ወደ እኛ የመጡት በሕዝብ ፊት ከተደረጉ የዩኒቨርሲቲ ንግግሮች ነው። ማክስ ቬበር ሳይንስን እንደ ሙያ የተነተነበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1917 ሙኒክ ላይ ለተማሪዎች ያደረገው ንግግር ነበር። እንግሊዛዊው ቲ. ኤች. ማርሻል ስለ ዜግነትና ስለ ማኅበራዊ መደብ የሰጠው ትንታኔም እ.ኤ.አ. በ1949 ካምብሪጅ ላይ የቀረበ ገለጻ ነው።

ታዲያ የኛስ? ከማርሻል ገለጻ ብዙ ቀደም ብሎ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህንኑ ጥያቄ በአማርኛ አንሥተው፣ መልስ ሰጥተው፣ ገና በወጣትነታቸው አርፈዋል። እኚህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በዘመናቸው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አዳራሽም፣ ጥቁር ሰሌዳም፣ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪም አልነበራቸውም። መድረካቸው ወረቀት ብቻ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ለመተረክ እሞክራለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ሕይወት የምተርከው ለሙገሳ አይደለም። የገዛ ሕይወታቸው ስለ እኩልነት ማጣት ለሰጡት መልስ ዋና ማስረጃ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ከማይ ምሻም እስከ ምንኩሉ

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ በምትገኘው ማይ ምሻም በምትባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አገልጋይ ነበሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በወደቁ ጊዜ የገብረ ሕይወትም አባት እዚያው ወደቁ። ልጁ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የኛ አካባቢ አዛውንቶች ከአያቶቻቸው ሲሰሙ የኖሩት ነው። ክፉ ቀን ይሉታል። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ከብቱን በሽታ ፈጀው፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ርሀቡም ተከተለ። በጌምድርም ሆነ ትግራይ፣ ወሎም ሆነ ሸዋ የቀረለት አገር አልነበረም። በዚያ ዘመን አባት የሌለው ሕፃን ዕጣው ምን እንደ ነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ገብረ ሕይወት ከዚያ የተረፉት ወደ ሰሜን፣ ወደ ምጽዋ አቅጣጫ፣ ተሰድደው ነው። በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረው። በዚህ ትምህርት ቤት የተማሩት ልጆች ከየት እንደ መጡ ማየት ለኛ ርእስ ይጠቅማል። የጨዋ ልጆች መሰብሰቢያ አልነበረም። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች፣ ወላጅ የሞተባቸው፣ ስደት ያመጣቸው ናቸው ብዙዎቹ። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔስሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሽጠው የነበሩ ሰው ሲሆኑ ነፃ ወጥተው የተማሩት በዚሁ ሚስዮን ነው።

እዚህ ላይ ለኛ አካባቢ አንባቢ ደስ የሚል ነገር አለ። የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ የጻፉት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም በልጅነታቸው ከዚሁ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። አለቃ ታዬ የተወለዱት ይፋግ ነው። ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ ከወረታ ብዙም የማትርቅ ጥንታዊ ስፍራ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች ገበያና የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። እንግዲህ ከይፋግ የተነሣ አንድ ወላጅ አልባ ልጅና ከማይ ምሻም የተነሣ ሌላ ወላጅ አልባ ልጅ፣ በዕድሜ ይበላለጡ እንጂ፣ በአንድ ደጅ አልፈዋል ማለት ነው።

መርከቡና በርሊን

ገብረ ሕይወት ወደ አውሮፓ የተሻገሩበት መንገድ ተረት ይመስላል። ከጓደኞቻቸው ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ገብተው ሳለ መርከቡ ይዟቸው ሄደ ይባላል። የመርከቡ አለቃም ልጁን ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው። ቤተሰቡ አሳደጓቸው፤ አስተማሯቸው። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ቻሉ፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲም ሕክምና ተማሩ።

ይህንን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን ዕድለኛ ልጅ ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። በክፉ ቀን ከማይ ምሻምና ከአካባቢዋ የወጡት ሕፃናት አንድ ብቻ አልነበሩም። ሌሎቹም ዓይን ነበራቸው፤ ጆሮ ነበራቸው፤ ሊማሩ የሚችሉ ልጆች ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ደም አይደለም፤ አንዱን ልጅ የትምህርት ደጅ አገኘው፣ ሌሎቹን ሜዳ ላይ ርሀብ አገኛቸው። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ በበርሊን ቀላል ነገር አልነበረም። በርሊን የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 ስለ አፍሪካ ጉባኤ የተቀመጡባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የትምህርት አዳራሾች የሰው ዘር በደረጃ የተደረደረ ነው፣ ነጩ ከላይ ጥቁሩ ከታች ነው የሚለው ትምህርት እንደ ሳይንስ ይሰጥ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ዊልያም ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1894 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ታዋቂው የታሪክ ፕሮፌሰር ሃይንሪኽ ፎን ትራይችከ በአዳራሹ ቆሞ ክልሶች ከነጮች ያነሱ ናቸው እያለ ሲያስተምር እሱ ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጦ እንደ ሰማ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ይኼ እንግዲህ ስለ ዘር የተደረገ የዩኒቨርሲቲ ገለጻ ነው፤ አዳራሽ ሁሉ ለእውነት አይቆምም።

ገብረ ሕይወት የኖሩት በዚሁ የትምህርት አየር ውስጥ ነው። የይፋጉ አለቃ ታዬም ዐፄ ምኒልክ ልከዋቸው ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያችው ከተማ ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። ሁለቱም አፍሪካውያን ናቸው፤ ሁለቱም በነጮች አገር የእውቀት ሰዎች ሆነው ቆመዋል። የዘር ደረጃ ትምህርት ትክክል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች በርሊን ውስጥ መኖራቸው ራሱ ሊብራራ አይችልም ነበር።

ቤተ መንግሥትና ስደት

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በ1899 ዓ.ም. ወደ ጀርመንና ወደ ኦስትሪያ ከሄዱት መልእክተኞች ጋርም ተጉዘዋል። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ግን ቤተ መንግሥቱ በወገን ተከፋፈለ። ገብረ ሕይወትም በእቴጌ ጣይቱ ወገን ስላልተወደዱ አገር ለቅቀው ወደ ሱዳን ወጡ። በስደት ላይ ታመሙ፤ ሕመሙም ላይ ሆነው ጻፉ።

የጻፉት ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚለው ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ብርሃን ይሁን በሚል መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። በድርሰቱ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር እንዲኖረው ይጠይቃሉ። የሆነውን የሚመረምር ልብ፣ የማያዳላ ፍርድ፣ ግልጥ የሆነ አጻጻፍ ናቸው። እኛ የምርምር ዘዴ የምንለውን ትምህርት በአንድ አንቀጽ ጨርሰውታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን የድርሰቱ ጉልበት ያለው በጥያቄዎቹ ላይ ነው። ግብር የተወሰነና የታወቀ ይሁን ይላሉ። ወታደሩ ደመወዝ ይከፈለው እንጂ ገበሬው ቤት ገብቶ አይብላ ይላሉ። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት ይለይ ይላሉ። ሕግ ይጻፍ፣ የሃይማኖት ነፃነት ይከበር፣ ትምህርት ይስፋፋ ይላሉ። ጃፓን ለነጮች እውቀት ደጇን ከፍታ እንደ ተከበረች ያመለክታሉ። አስተውሉ፤ ጃፓንን ምሳሌ ማድረግ ስለ ዘር የሚናገር ክርክር ነው። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ በእውቀት ከነጮች እኩል ከቆመ የቆዳ ቀለም የኋላ ቀርነት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በዚያን ዘመን እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር የንጉሥንና የመንግሥትን ካዝና ለይ ማለት ድፍረት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገርም ወታደርና ሹም ከገበሬ ጉሮሮ እጁን ያውጣ ማለት ባህልን መንካት ነው።

ድሬዳዋና የቀረጥ መዝገብ

ከስደት ከተመለሱ በኋላ ገብረ ሕይወት በምድር ባቡሩ መሥመር በተቆጣጣሪነት ሠሩ፤ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ትልቁ ክፍል በዚያ በር ያልፍ ነበር።

ይህን ሹመት ከመጻሕፍታቸው ለይተን ማየት አንችልም። በርሊን ላይ መጽሐፍ ያነበቡት ሰው ድሬዳዋ ላይ ደግሞ በገዛ ዓይናቸው የሚወጣውንና የሚገባውን አዩ። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ነው። የሚገባው ጨርቅና የፋብሪካ ሥራ ነው። ዕቃው የሚመዘንበት ገንዘብ እንኳ በውጭ አገር የሚታተመው ማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ይህ ብር የሚታተመው ደግሞ ገብረ ሕይወት ባደጉባት በኦስትሪያ ነው።

ከዚህ ትዝብት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ሁለተኛው መጽሐፋቸው ተወለደ። ደራሲው ግን መጽሐፉ ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉን በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያሳተሙት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ናቸው። በዚያው በ1916 ዓ.ም. መንግሥት ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ደንብ አወጀ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ ሠራተኛ ሰው ክብር የሚናገረው መጽሐፍ የወጣው ሰው ገና በሚሸጥበት አገር ነበር ማለት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገብረ ሕይወት የሰው ልጅ ሲፈጠር አንዱ ሀብታም አንዱ ድሃ ሆኖ አልተፈጠረም ከሚል ሐሳብ ይነሣሉ። ሁሉም ራቁቱን ነው የጀመረው። ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው፤ የሥራም ፍሬ የሚበዛው በእውቀት ነው። ሥራ ሲከፋፈል፣ አንዱ ሲያርስ ሌላው ሲሸምን ሌላው ብረት ሲቀጠቅጥ፣ የሁሉም ጉልበት ይበዛል። እውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን እውቀት የሌለው በብዙ ቀን ይሠራዋል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቀን ድካም ይለወጣል። ንግዱ ነፃ ይመስላል፤ ማንም ማንንም በጦር አላስገደደም። ሆኖም አንዱ እየከበረ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል።

ይህን ሐሳብ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ወዲያው ያውቁታል። ራውል ፕሬቢሽና ሀንስ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ጥሬ ዕቃና ስለ ፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ካቀረቡት ትንታኔ ጋር ተመራማሪዎች ያመሳስሉታል። የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ከዚያ በ26 ዓመት ይቀድማል።

ሁለተኛው ምንጭ አገዛዝ ነው። የሠራ ሰው የሥራውን ፍሬ ጦር የያዘ ሰው የሚነጥቀው ከሆነ ማን ብሎ ይሠራል? ገበሬው ትርፍ ቢያመርት ለወታደር ቀለብ ነው። ስለዚህ ለዕለት ጉርሱ የምትበቃውን ብቻ ያርሳል። ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ብልህ ስለሆነ ነው። ገበሬን ሰነፍ እያሉ ለሚሳደቡ ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ አላገኘሁም።

ሦስተኛ፣ የእጅ ሥራ መናቅ አለ። ይህን ነገር ከዘመኑ ጋር አያይዘን እንየው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የንቀቱን መጠን ይነግረናል። በጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቤተ እስራኤሎች ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። በጣና ዙሪያ በደንገል ታንኳ የሚኖሩት፣ ሌላው ሰው ወይጦ ብሎ የሚጠራቸው ወገኖች፣ አብሯቸው የሚበላ አጥተው ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች የቆዳ ቀለማቸው ከጎረቤቶቻቸው አይለይም። ስለዚህ የዘር መድልዎ ማለት የነጭና የጥቁር ነገር ብቻ ነው ብለን የምናስብ ካለን ከቤታችን ብንጀምር ይበጃል። እርሻ የሚሠራበትን ማረሻ የሚያወጣውን ሰው መናቅ፣ በገብረ ሕይወት ሚዛን ብንመዝነው፣ የራስን ሀብት ምንጭ መድፈን ነው።

ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

እስካሁን የተናገርሁት ታሪክ ነው። አሁን መልሳቸው ዛሬ የቱ ላይ እንደሚሠራ፣ የቱ ላይ እንደሚጎድል፣ እኔ በማውቀው አገር ልፈትነው።

ፎገራ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከልና ዙሪያ፣ በጣና ምሥራቅ የተዘረጋ ዋልካ መሬት ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። በቀድሞው ዘመን ስሙ የሚጠራው በፎገራ ከብት ነበር፤ ወተት የሚታለብ፣ ረግረጉን የለመደ ዝርያ ነው። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞከረ፤ ገበሬው የወደደው ዝርያም እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና ይባላል። ውሃ የተኛበት መሬት ችግር መሆኑ ቀርቶ ሀብት ሆነ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሩዝ ሲባል ፎገራ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው ወረታ ነው።

ይህ ገብረ ሕይወት ትክክል እንደ ነበሩ ያሳያል። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ገበሬውም ያው ገበሬ ነው። አዲስ እውቀት ሲጨመርበት ፍሬው ተለወጠ። የኛ አገር ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም የሚሉ ሰዎች ጅግና ሄደው ይዩ። ሩዙን ካጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል፤ ውሃ ያገኘ ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል። በባህሉም አስገብቶታል፤ እንጀራ ጋግሮበታል፤ ጠላ ጠምቆበታል።

ጉድለቱስ? እውቀት ኖሮ ልዩነቱ አለመጥፋቱ ነው። ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ የልጅ ትምህርት ወጪ አለበት፤ ክርስትናና ሰርግ አለበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። መጋዘንና መፈልፈያ ያለው ነጋዴ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ክረምት ሲገባ ያወጣዋል። በሐምሌ ያው ገበሬ ራሱ ያመረተውን እህል በውድ ሊገዛ ይችላል። ነጋዴው ሌባ ነው አላልሁም። የያዘው ነገር ጊዜ ነው፤ መጠበቅ ይችላል። ገበሬው መጠበቅ አይችልም። ልዩነቱን የፈጠረው የእውቀት ማነስ ሳይሆን የመጠበቅ አቅም ማነስ ነው።

መሬቱም ሌላ ጥያቄ አለው። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩ፣ ከዚያም በኋላ የተወለዱ ልጆች ዛሬ የራሳቸው ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ሆነዋል። ብዙዎቹ ከወላጅ የተቆረሰች ጥማድ ወይም የእኩል እርሻ እንጂ የራሳቸው መሬት የላቸውም። የእኩል አራሽ ሩዝ አዘራር ከባለመሬቱ እኩል ያውቃል፤ እንዲያውም ይበልጥ ያውቃል፤ ግማሹን ግን ያስረክባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ደግሞ ውሃው ለሁሉም እኩል መጣ፤ ማገገሙ ግን እኩል አልነበረም። ወረታ ከተማ ቤት ያለው ዘመድ የነበረው ወደዚያ ወጣ፤ ያልነበረው በድንኳን ከረመ።

ስለዚህ ከገብረ ሕይወት ሁለት መልሶች መካከል እኛ የምንወደው የመጀመሪያው ነው፤ ተማር፣ ትበለጽጋለህ የሚለው። ለሥልጠና መክፈቻ ይመቻል፤ ማንንም አያስቀይምም። ሁለተኛው ግን፣ የሠራው ሰው የሥራውን ፍሬ ማን ይወስድበታል የሚለው፣ በአዳራሽ ብዙም አይነሣም። በእሳቸው ዘመን ወሳጁ ወታደር ነበር፤ በጋሻና በጦር ይታወቃል። ዛሬ ወሳጁ ሁልጊዜ ፊት የለውም። አንዳንድ ጊዜ የገበያ ቀን ነው፣ አንዳንድ ጊዜ የዕዳ ወረቀት ነው፣ አንዳንድ ጊዜ መጋዘን ማጣት ነው።

ለእሳቸውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለውጡ ከላይ፣ ከአስተዋይ ንጉሥ፣ እንዲመጣ ተስፋ አድርገው ነበር። ገበሬው ራሱ ተደራጅቶ ዋጋውን ሊከራከር፣ መጋዘን ሊሠራ፣ መሬቱን በሕግ ሊያስከብር ይችላል የሚለው ሐሳብ በመጻሕፍታቸው ሰፊ ቦታ የለውም። ፍርዱን ግን ከዘመናቸው ጋር አድርገን እንስጥ። ሌላ የሚያዩት ኃይል በአካባቢያቸው አልነበረም።

ማጠቃለያ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሁለት አጫጭር መጻሕፍት ትተው አልፈዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመኑ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ትልቅ ቦታ ሰጥተዋቸዋል፤ ሥራዎቻቸውም ዳግመኛ ታትመው ይገኛሉ። ቋንቋቸው አይከብድም፤ ዛሬም አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በጥቂት ቀን ሊጨርሳቸው ይችላል።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስለ ማኅበራዊ እኩልነት ለሕዝብ ክፍት የሚሆን ገለጻ በየዓመቱ ቢዘጋጅ፣ የመጀመሪያው በገብረ ሕይወት ሥራ ላይ ቢሆን፣ በአማርኛ ቢሰጥ፣ አዳራሹም ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለሸማኔውና ለደንገል ታንኳ ሠሪው ክፍት ቢሆን መልካም ነው። የእኩል አራሹና የመፈልፈያው ባለቤት በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ስለ ዋጋ ሲከራከሩ ከሰማን፣ ከቬበርም ከማርሻልም የምናገኘው እውቀት ያኔ ሥር ይይዛል።

ጣቶች በርዝመት እኩል አለመሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ እጅ ላይ ናቸው፤ ደማቸውም አንድ ነው። አንዱን ጣት ክር አስሮ ያጠቆረው ሰው ሲጠየቅ ተፈጥሮን ምክንያት ማድረግ አይችልም። ማን አሰረው፣ ክሩስ የት ላይ ነው ብሎ መፈለግ የኛ የትምህርት ክፍል ሥራ ይመስለኛል።